የኤሌክትሪክ ምጣድ ግምገማ፦ ምርጫው የአንድ ቀን፣ ሥራው የየሳምንቱ

ምጣድ ሊገዛ የወጣ ሰው ሦስት ሱቅ ዞሮ፣ አምስት ጎረቤት ጠይቆ፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ባለ ቴርሞስታቱ (ሙቀት መቆጣጠሪያ ያለው) ይሻላል ወይስ ተራው? የአገር ቤቱ ሸክላ ወይስ የውጭው አልሙኒየም? ጭንቀቱ ትዳር ከመምረጥ አይተናነስም። በመጨረሻ ይገዛና በማግስቱ ሊጥ ያፈስበታል፤ እንጀራው ሙጭጭ ብሎ ሲቀር «ተሸወድኩ» ይላል። ምጣዱ ግን አልሸወደውም። ገና አልሟሸም።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ሸክላው ካልተሰነጠቀና ሽቦው በእኩል ርቀት ከተዘረጋ፣ ገበያ ላይ ያለ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ምጣድ ዓይናማ እንጀራ ያወጣል። በምጣድና በምጣድ መካከል ያለው ልዩነት፣ በደንብ በተሟሸና ባልተሟሸ ምጣድ መካከል ካለው ልዩነት ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ምርጫውን ቶሎ እንጨርስና ወደ ሥራው እንሂድ።

ተራው የሸክላ ምጣድ

አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ይኸው ነው። ከላሜራ በተሠራ ፍሬም ላይ ወርዱ 60 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ሸክላ ይቀመጣል። ከሸክላው ሥር እንደ ቀንድ አውጣ እየዞረ የተቦረቦረ ቦይ አለ፤ መብራት ሲያልፍበት የሚግለው የሬዚስታንስ ሽቦ በዚያ ቦይ ተዘርግቶ በጄሶ ይደፈናል። ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። ብዙዎቹ ማብሪያ ማጥፊያ እንጂ የሙቀት መቆጣጠሪያ የላቸውም።

ጥንካሬው ሸክላው ነው። ሸክላ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ሙቀቱንም ቀስ ብሎ ይለቃል፤ ቀዝቃዛ ሊጥ ሲፈስበት ቶሎ አይደነግጥም። ድክመቱም ያው ሸክላው ነው፦ ለመሞቅ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ከወደቀ አለቀለት፣ እርጥበትም ይጠጣል።

ሱቅ ውስጥ አራት ነገር ፈትሹ። መጀመሪያ ሸክላውን በጣት ጉጥ ቆርቆር አድርጉት፤ ጤነኛ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተሰነጠቀው ድፍን ያለ። ቀጥሎ ሻጩን ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ጠይቁና በስፒናው ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ኦም፣ ማለትም የሽቦውን ሬዚስታንስ፣ ለኩ። በ220 ቮልት 4,000 ዋት የሚስብ ምጣድ 12 ኦም ገደማ ማንበብ አለበት፣ 3,500 ዋት የሚስብ ደግሞ 14 ኦም ገደማ። «4,000 ዋት ነው» ተብሎ 16 ኦም ካነበበ ምጣዱ የ3,000 ዋት ነው ማለት ነው። ሦስተኛ፣ አንዱን የቴስተር ጫፍ ከእነዚያ ሁለት የስፒና ጫፎች በአንዱ፣ ሌላውን በላሜራው ላይ አድርጉ፤ ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ፍሬሙ ይነዝራል፤ ትታችሁ ውጡ። አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል። ምጣዱን አስሰኩና አዲስ ሸክላ እንዳይሰነጠቅ እያበራችሁ እያጠፋችሁ አሙቁት፣ ከዚያ ጭብጥ ዱቄት በገጹ ላይ በስሱ በትኑ። ዱቄቱ በሁሉም ቦታ አንድ ላይ ቡናማ መሆን አለበት። መሃሉ ጠቁሮ ዳሩ ነጭ ከቀረ ሽቦው መሃል ላይ ተጠጋግቷል። በአንድ ወገን ብቻ ነጭ ከቀረ ደግሞ እዚያ ጋ ሽቦው ከሸክላው ርቋል ወይም ጄሶው ወፍሯል። ይህን ፈተና እምቢ የሚል ሻጭ ምን እንደሚሸጥ ያውቃል።

ባለ ቴርሞስታቱ

ያው ሸክላ ሆኖ ሙቀት መቆጣጠሪያና ጠቋሚ መብራት ተጨምሮበታል። ለጀማሪ ይረዳል፤ ልምድ ላለው ሰው ያን ያህል ነገር አይጨምርም። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ መቆጣጠሪያው የሚለካው የሸክላውን ሥር እንጂ ገጹን አይደለም። መብራቱ ጠፍቶ «ደርሷል» ሲል ገጹ ገና ይሆናል፤ ሦስት አራት ደቂቃ ጠብቁ። ደግሞም በርካሽ ምጣድ ላይ መጀመሪያ የሚበላሸው ክፍል ይኸው መቆጣጠሪያ ነው። ሲበላሽ እንደጠፋ የሚቀር ከሆነ ምጣዱ ይቀዘቅዛል፤ እንደበራ ተጣብቆ የሚቀር ከሆነ ደግሞ ራሱ አይጠፋም፣ እንደ ተራው ምጣድ በእጅ ማጥፋት ይፈልጋል።

አልሙኒየሙ

አሜሪካ ያሉ አበሾች የሚያውቁት ይኸኛውን ነው። 16 ኢንች ማለትም 41 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አንዱ ሌፍሰ ለሚባለው የኖርዌጂያን ዘሮች የድንች ቂጣ የተሠራው የቤተኒ ሄሪቴጅ ግሪል ሲሆን፣ ወገኖቻችን ለእንጀራ ወስደውታል። ለእንጀራ ተብሎ የተሠራው ዋስ የሚባለው ዲጂታል ምጣድም አለ።

«ለምን ትንሽ ሆነ?» ለሚለው መልሱ መብራቱ ነው። በ120 ቮልትና በ15 አምፔር መስመር ላይ ከ1,800 ዋት በላይ መሳብ አይቻልም፤ እነዚህ ምጣዶች የሚስቡት 1,500 ዋት አካባቢ ነው። ሰው ዋቱን አይቶ «ደካማ ነው» ይላል። ሂሳቡ ግን ሌላ ነው፦ የአገር ቤቱ 4,000 ዋት በ60 ሴንቲሜትር ወርድ ላይ ሲከፋፈል በካሬ ሴንቲሜትር 1.4 ዋት ይደርሰዋል፤ የአሜሪካው 1,500 ዋት በ41 ሴንቲሜትር ላይ 1.1 ዋት። ልዩነቱ አለ፣ የተፈራውን ያህል ግን አይደለም።

ከአገር ቤት ሸክላ ምጣድ በሻንጣ ጭኖ አሜሪካ መውሰድ ግን ልፋት ብቻ ነው። የ4,000 ዋቱ ምጣድ በ120 ቮልት ሲሰካ የሚሰጠው 1,190 ዋት ነው፤ ለ60 ሴንቲሜትር ሸክላ ለብታ ብቻ ይሆናል። አውሮፓ፣ እስራኤልና አብዛኛው የባሕረ ሰላጤው አገር 230 ቮልት ስለሆነ ችግሩ ይገለበጣል፦ ያው ምጣድ 19 አምፔር ይስባል፣ የአውሮፓ የግድግዳ ሶኬት ደግሞ የተሠራው ለ16 አምፔር ነው። እዚያ ያለ ሰው ወይ 3,000 ዋቱን ይፈልግ፣ ወይ ለብቻው መስመር ያስዘርጋ።

የማይጣበቅ ቅብ ያለው አልሙኒየም እንደ ሸክላው በጎመንዘር (በዘይታም የጎመን ፍሬ) መሟሸት አይፈልግም። የሚነካው ብረት ሁሉ ጠላቱ ነው፤ ቢላዋ፣ ሹካ፣ የሽቦ ማጠቢያ። አንዴ ከተቧጨረ እንጀራው እዚያች ጭረት ላይ ይይዛል፤ እንደ ሸክላ ደግሞ ታሽቶ አይመለስም።

ምርጫው እዚህ ላይ ያበቃል። አገር ቤት ከሆናችሁ ፈተናዎቹን ያለፈውን ተራ ሸክላ፣ ውጭ ከሆናችሁ ያገኛችሁትን 16 ኢንች ግዙ።

መስመሩ

ምጣዱ ከመሟሸቱ በፊት የሚሰካበት ነገር ይታይ። 4,000 ዋት በ220 ቮልት 18 አምፔር ነው። የተራ ሶኬት አቅም 16 አምፔር ነው፤ በማካፈያ ላይ ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ጋር ደርቦ መሰካትማ እሳት መጥራት ነው። ምልክቱ ቀድሞ ይመጣል፦ ስፒናው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ቢጫ ከዚያ ቡናማ ይሆናል፣ ሽታ ይሸታል። ትክክለኛው መንገድ ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከርና የመሬት ሽቦ ነው። ሸክላው እርጥበት ስለሚጠጣ የመሬት ሽቦው ለጌጥ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ምጣዱን የሚሰድብበት። ማታ ሁሉም ቤት መብራት ሲያበራና ወጥ ሲሠራ ቮልቴጁ ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ከደረሰ የ4,000 ዋቱ ምጣድ 2,680 ዋት ብቻ ይሰጣል፤ ከሙቀቱ ሲሶው ጠፋ ማለት ነው። ያን ጊዜ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሊጡም ምጣዱም በከንቱ ይወቀሳሉ። መብራት የሚደክምበት ሰፈር ያለ ሰው ጎህ ሲቀድ ወይም ሰው ከተኛ በኋላ ይጋግር። ምጣድ መለወጥ ይህን አያድነውም።

ማሟሸት

አዲስ ሸክላ እንደ ስፖንጅ ነው፤ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ አለው። ሊጡ እዚያ ውስጥ ገብቶ ይነክሳል። ማሟሸት ማለት ቀዳዳዎቹን በዘይት ሞልቶ፣ ዘይቱን በሙቀት እስኪጠነክርና እስኪጠቁር ማሸት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጎመንዘር ነው፤ ፍሬው ዘይታም ስለሆነ ሲታሽ ዘይቱን ቀስ እያለ ይለቃል፣ ገለባው ደግሞ ገጹን ያለሰልሳል።

ለአንድ ባለ 60 ሴንቲሜትር ምጣድ ሩብ ኪሎ ጎመንዘር ያዙ። ለስለስ ብሎ ተቆልቶ ይፈጭ ወይም ይወቀጥ።

መጀመሪያ ሸክላውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉና ለአንድ ቀን አየር ላይ ተዉት። ሳሙና አይነካውም፤ ሳሙና ከገባ ሦስት አራት መሶብ እንጀራ ላይ ይሸታል። ከዚያ ውሃውን ማስወጣት ይመጣል፣ ሰው የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው። 5 ደቂቃ አብሩ፣ 10 ደቂቃ አጥፉ፤ 7 ደቂቃ አብሩ፣ 10 ደቂቃ አጥፉ፤ ይህን አራት አምስት ጊዜ። በሸክላው ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ ብሎ መውጣት አለበት። በአንዴ ሙሉ ሙቀት ከተሰጠው እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። በመጀመሪያ ሳምንታቸው ለተሰነጠቁ ምጣዶች ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሻጩ ሳይሆን ይህ ችኮላ ነው።

እንፋሎቱ ማለቁን ለማወቅ አክንባሎውን ደፍታችሁ ሁለት ደቂቃ ቆዩና አንሱት። ውስጡ ላብ ካልያዘ ደርቋል።

አሁን ምጣዱን በደንብ አግሉት። ከተፈጨው ጎመንዘር አንድ እፍኝ በትኑና በተጠቀለለ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እያዞራችሁ እሹ። ይጨሳል፤ መስኮት ይከፈት። ጎመንዘሩ ጠቁሮ ሲደርቅ ጥረጉና ሌላ እፍኝ ጨምሩ። አንዱ ዙር ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሦስት ዙር በመጀመሪያው ቀን፣ ምጣዱ አድሮ ሁለት ዙር በማግስቱ። ዳሩን አትርሱ። ሁሉም ሰው መሃሉን ያሻል፣ እንጀራ ግን የሚይዘውና የሚቀደደው ከዳር ነው።

የሟሸ ምጣድ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል፣ በጣት ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ይለሰልሳል፣ የውሃ ጠብታ ሲወድቅበት አይሰርግም፤ ተንከባሎ ይሮጣል። ቡናማ ሆኖ ደብዘዝ ካለ ገና ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት እንጀራዎች ግን ያኔም ቢሆን ይያያዛሉ። ወፈር አድርጋችሁ ጋግሯቸው፤ እነሱ የማሟሻው ክፍል ናቸው እንጂ የከሸፉ እንጀራዎች አይደሉም።

ጎመንዘር በማይገኝበት አገር ሸክላ ያለው ሰው የተልባ ዘይት በጨርቅ በጣም በስሱ እየቀባ እስኪጨስ ያግለው፤ ደጋግሞ። ዘይቱ ከበዛ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ እሱን ማስለቀቅ ከማሟሸት የባሰ ሥራ ነው።

ሊጡ

ምርጥ ምጣድ ለተበላሸ ሊጥ ምንም አይረዳም። እዚህም ጭንቀቱ ምርጫው ላይ ነው፦ ማኛ ይሁን ነጭ፣ የአድኣ ይሁን የጎጃም። ማኛው ይነጣል፣ ሰርገኛው ጠቆር ብሎ ጣዕሙ ይበረታል። ግን ሁለቱም በትክክል ከቦኩ ዓይን ያወጣሉ፣ በስህተት ከቦኩ ሁለቱም ድፍን ይሆናሉ። ከጤፉ ዓይነት ይልቅ መታየት ያለበት ወፍጮው ነው። ዱቄቱ በሁለት ጣት ሲታሽ አሸዋ አሸዋ ካለ በደንብ አልደቀቀም፤ ውሃውና ዱቄቱ ቶሎ ይለያያሉ። ደግሞ ወፍጮ ቤቱ ከጤፉ በፊት ምን ፈጨ? በቆሎ ከሆነ የመጀመሪያው ሁለት ኪሎ ድብልቅ ነው።

ለ30 እንጀራ 5 ኪሎ ዱቄት፣ 8 ሊትር ውሃ፣ ሦስት አራተኛ ሊትር እርሾ። ውሃውን በአንዴ አትጨምሩት፤ መጀመሪያ በ3 ሊትሩ ዱቄቱን ጠንከር አድርጋችሁ አሹ፣ ጓል እስኪጠፋ፣ ከዚያ ቀሪውን እያፈሰሳችሁ አቅጥኑ። የቡሆ ዕቃው ይከደን፣ ለአየር ማውጫ ግን ጥቂት ክፍተት ይተው። አዲስ አበባ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይፈጃል። በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ማቀዝቀዣ በሌለበት ክፍል አንድ ቀን ይበቃዋል፤ በአውሮፓ ክረምት ደግሞ ሦስት ቀን አልፎት ወደ አራተኛው ሊሄድ ይችላል። ቀኑን ሳይሆን ሊጡን እዩ፦ መጀመሪያ ኩፍ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል፣ በላዩ ቢጫ ውሃ ይጠልላል። ያ ውሃ የመኮምጠጫው ነው፤ ይደፋ። ከዚህ በፊት የጋገረ አፍለኛ፣ ማለትም ገና ያልኮመጠጠ እንጀራ ያገኛል፤ የሚወደው ሰው አለ፣ መሶብ ውስጥ ግን አይቆይም።

አሁን አብሲት። ከሊጡ አንድ ሊትር ከሩብ ያህል ቀንሱ። አራት ሊትር ውሃ አፍሉ፣ የተቀነሰውን ሊጥ በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ አቅጥናችሁ በሚፈላው ላይ እያማሰላችሁ ጨምሩ። ስምንት አሥር ደቂቃ፤ ገንፎ መሳይ ሆኖ እስኪያብረቀርቅ። ከዚያ ማቀዝቀዝ ነው። ጣት ነክራችሁ እስከ አሥር መቁጠር ከቻላችሁ በቂ ነው፤ ካልቻላችሁ ጠብቁ። ትኩስ አብሲት ወደ ሊጡ ሲገባ እርሾውን ይገድለዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ልፋት ሁሉ ለድፍን እንጀራ ይሆናል። ድፍን እንጀራ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ምጣዱ ነው፤ መጀመሪያ መጠርጠር የነበረበት ይህች ትኩስ አብሲት ነበረች።

አብሲቱ ከተቀላቀለ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። እንደገና ኩፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር ነው ምጣድ የሚሰካው። ውፍረቱ ከጭልፋ ሲፈስ እንደ ክር ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። ለሚቀጥለው ጊዜ እርሾ ከአብሲቱ በፊት ቀንሳችሁ አስቀምጡ።

መጋገሩ

ገጹ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ሲደርስ ልክ ነው። መለኪያ ከሌለ ቁንጥር ዱቄት በትኑ፦ በአሥር ሰከንድ አካባቢ ቡናማ ከሆነ ደርሷል፣ ወዲያው ከጠቆረ አልፏል፣ ነጭ ሆኖ ከቀረ ገና ነው።

ለአንድ እንጀራ ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ሊጥ ይበቃል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ዕቃ ይያዝ፣ በውስጡም እስከየት እንደሚሞላ ምልክት ይደረግ፤ ውፍረቱ እኩል የሚሆነው ያኔ ነው። ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል እያዞሩ ማፍሰስ። ክዳኑ ወዲያው አይደፋ፤ ከ20 እስከ 40 ሰከንድ ጠብቁ፣ ዓይኖቹ ከዳር ወደ መሃል ተራ በተራ ሲፈነዱ ይታያሉ። መሃሉም ሲፈነዳ ድፉት። ቀድሞ የተደፋ አክንባሎ እንፋሎቱን ያፍንና ዓይኖቹ ይደፈናሉ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ ዳሩ ተነሥቶ ሲታጠፍ በሰፌድ ይወጣል። ክዳኑን ስታነሡ ወደ ጎን አዘንብሉት፣ ያለበለዚያ የያዘው ላብ እንጀራው ላይ ይንጠባጠብና ያጣብቀዋል።

በእንጀራና በእንጀራ መካከል በማሰሻ ማሰስና ግማሽ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። አልሙኒየሙ ሙቀት ስለማያጠራቅም ሙሉ ደቂቃ ይፈልጋል። የሸክላው ተጠቃሚ ደግሞ ከመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች በፊት ምጣዱን ያጥፋ፤ የያዘው ሙቀት ይበቃቸዋል። 30 እንጀራ ከማሞቂያው ጋር ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ በ4,000 ዋት ቢበዛ 8 ኪሎዋት ሰዓት። ቆጣሪውን ከመጋገራችሁ በፊትና በኋላ አንብቡት፤ ከዚህ በእጅጉ ከበለጠ በጋገራ መሃል ያለሥራ የሚነድ ምጣድ አለ።

ስህተቱ የት እንደሆነ እንጀራው ራሱ ይናገራል። ዓይኑ ከዳር ኖሮ መሃል ከጠፋ መሃሉ ቀዝቅዟል፤ ምጣዱ እንደገና ሳይግል ሊጥ ፈስሶበታል፣ ማለትም ቸኩላችኋል። በአንድ ወገን ብቻ ከወፈረ ምጣዱ ዘንበል ብሏል፤ ከአናጢ ወይም ከግንበኛ ውሃ ልክ ተውሳችሁ እግሩን አስተካክሉ። ሥሩ አርሮ ላዩ ጥሬ ከሆነ ሙቀቱ በዝቷል። ዳሩ ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይ ሊጡ ወፍሯል ወይ አክንባሎው በደንብ አይገጥምም። በአንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ከያዘ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ እንደገና ጎመንዘር ይታሽ። ሲወጣ ደህና ሆኖ መሶብ ውስጥ ከተያያዘ ሳይበርድ ተደራርቧል።

ለሽያጭ ለሚያስቡ

ከምጣድ ጋር የሚመጣ ትልቁ ውሳኔ ይኸኛው ነው፦ እንጀራ ጋግሮ መሸጥን እንጀራ ማድረግ። ሰው ይህን ሲያስብ ወራት የሚፈጀው በየትኛው ሰፈር፣ በስንት ምጣድ፣ በየትኛው ጤፍ በሚለው ላይ ነው። ሆቴልና ሱቅ ግን የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ ወርዱ እኩል ነው? ዛሬም እንደ ትናንቱ ነው? ጠዋት ከቁርስ በፊት ይደርሳል? ሦስቱም የሚመለሱት በመጋገር ብዛት እንጂ በመምረጥ አይደለም።

በአንድ ምጣድ ጀምሩ። ሁለተኛው የሚገዛው የመጀመሪያው በቀን ስድስት ሰዓት ሲሠራ ነው። አንድ ደብተር ይያዝና ለያንዳንዱ ቡሆ ይጻፍ፦ ጤፉ የተፈጨበት ቀን፣ የዱቄቱ ኪሎ፣ የውሃው ሊትር፣ የቦካበት ሰዓት፣ የተጋገረበት ሰዓት፣ ስንት እንጀራ እንደተጣለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብተሩ ጎረቤት የማይነግራችሁን ይነግራል። የሚጣለው የሚበዛው ማታ ማታ ከሆነ ችግሩ የቮልቴጅ ነው። ከአዲስ ጤፍ በኋላ ከሆነ የውሃው መጠን ነው፤ የዘንድሮ ጤፍ ከአምናው ያነሰ ውሃ ይፈልጋል። ሰኞ ሰኞ ከሆነ እሑድ ያረፈው እርሾ ነው። ጤፍ መለወጥ የሚታሰበው ይህ ሁሉ ተፈትሾ ሲያልቅ ነው፤ ያውም ለአንድ ቡሆ ብቻ፣ ሌላው ሁሉ ሳይነካ። ጤፍም ውሃም ምጣድም በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም።

አንድ ጥንቃቄ ለዚህ ክፍል ብቻ። ለሽያጭ የሚሠራ ምጣድ ቀኑን ሙሉ ስለሚግል ሽቦው ከቤት ምጣድ በቶሎ ይበጠሳል። ሲበጠስ ጠጋኙ «ሸክላውንም አብረን እንለውጠው» ይላል፤ ለእሱ አዲስ ሸክላ ላይ መዘርጋት ይቀለዋል። ሸክላው ካልተሰነጠቀ እምቢ በሉ። አሮጌውን ጄሶ በቀስታ አስነሥቶ፣ ቦዩን ጠርጎ፣ አዲሱን ሽቦ ዘርግቶ፣ በአዲስ ጄሶ ይድፈነው፤ ከዚያ ጄሶው ሁለት ሦስት ቀን ሳይሰካ ይድረቅ። ያ ጥቁር ገጽ ስንት እፍኝ ጎመንዘርና ስንት ሺህ እንጀራ የጠጣ ነው፤ ከየትኛውም ሱቅ ተገዝቶ አይመጣም።